የተርሚናል ሴሽንን ፋይል ላይ ማስቀረት፦ የኮምቦልቻና የደሴ ተማሪዎች የ6ኛ ሳምንት ማስታወሻ

እስካለፈው ሳምንት በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በምንሰጥበት መስኮት) የትእዛዝ ውጤት የምናስቀምጠው በ> ነበር። > የነበረውን ፋይል ሳይጠይቅ ደምስሶ ይጀምራል፤ >> ግን ካቆመበት ይቀጥላል። የስህተት መልእክትም እንዲገባ መጀመሪያ >ና የፋይሉ ስም፣ ቀጥሎ 2>&1 ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስህተቱ ስክሪኑ ላይ ይቀርና ፋይሉ እንከን የሌለው ይመስላል።

ሙሉውን ሴሽን፣ ማለትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፋችሁትንም የተመለሰላችሁንም፣ የሚይዘው ስክሪፕት የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ነው። ስክሪፕት፣ ሰረዝ ኤፍ (script -f)፣ የፋይል ስም ብላችሁ ጀምሩ፤ ሲያበቃ ኤግዚት (exit) በሉ። ሰረዝ ኤፍን እንዳትዘሏት። ያለሷ ጽሑፉ ሜሞሪ ላይ ይጠራቀማል፤ መብራት እልም ሲል ፋይሉ ባዶ ሆኖ ወይም መሃሉ ላይ ተቆርጦ ይገኛል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ለምትሠሩ ይህ ቀልድ አይደለም።

የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንም ያው ነው። ውጤቱ ወደ ፋይል ሲዞር በብዙዎቹ ቅጂዎች 8192 ባይት እስኪሞላ አይጽፍም። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ፋይል ውስጥ በሚቀመጡበት አሠራር) አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ እስከ 2730 ፊደል ድረስ ሜሞሪ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል ማለት ነው። ፓይተንን ሰረዝ ዩ (-u) ጨምራችሁ አስነሱት። ከዚያም በኋላ ሊኑክስ ራሱ የተጻፈውን ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ 30 ሰከንድ ያህል ሊያቆየው ይችላል፤ ወሳኝ ሥራ ስትጨርሱ ሲንክ (sync) ብላችሁ እንዲያሳርፈው አስገድዱት።

በስክሪፕት የቀዳችሁትን ፋይል በተራ ኤዲተር ስትከፍቱት የቀለም ኮዶች ተደበላልቀው ብታዩ አትደንግጡ፣ አልተበላሸም። ሌስ በተባለው የማንበቢያ ትእዛዝ ከሰረዝ ትልቁ አር ጋር (less -R) ክፈቱት። አናቱ ላይ ያለው ሰዓት የኮምፒውተሩ ነው፦ 14:20 ካለ ከቀኑ 8:20 ነው።

ዊንዶውስ ላይ የሚያናድደው አማርኛው ነው። በዊንዶውሱ የትእዛዝ መስኮት በፓወርሼል 5.1፣ ሰንጠረዥ ወደ ፋይል የሚያወጣው ኤክስፖርት-ሲኤስቪ ያለ ኢንኮዲንግ (የፊደል አቀማመጥ ምርጫ) ከታዘዘ ፊደላችንን በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል፤ አንዴ ከተለወጠ ደግሞ አይመለስም። ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ8 በሉት። በፓወርሼል 7 ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ ደህና ነው፤ ኤክሴል ግን በሁለት ጠቅታ ሲከፈት ያተራምሰዋል፣ ምክንያቱም ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚነግረው መነሻ ምልክት (ቦም) የለም። እዚያ ዩቲኤፍ8ቦም ምረጡ።

በስክሪፕት የቀዳችሁትን ፋይል ለሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት አንብቡት። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ትእዛዝ) ሲጠይቅ የምትጽፉት የይለፍ ቃል ስክሪኑ ላይ ስለማይታይ እንዲሁ ሲቀዳ አይገባም፤ ትእዛዙ መስመር ውስጥ የጻፋችሁት ግን ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

ለ7ኛ ሳምንት የቀረን የሰዓት ምዝገባውን ጨምሮ ሴሽኑን ስክሪፕትሪፕሌይ በተባለው ትእዛዝ እንደ ቪዲዮ መልሶ ማጫወት ነው።