በጸበሉ ዋጪው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተሳልኩት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ለግሽ ዓባይ ዘርዐ ብሩክ ጃንጥላ ማስገባት ነው። ሌላው «ከዳንኩ አልደብቅም፣ እናገራለሁ» ያልኩት ነው። ጃንጥላው ባለፈው ጥር ገብቷል። መናገሩ ግን ከበደኝ። የኔ ምስክርነት ብዙ ጊዜ እንደምንሰማው «ሐኪም ያቃተውን ጸበል አዳነኝ» የሚል አይደለማ። ደረቴ በመጋዝ ተከፍቷል። ልቤ ቆሞ ነበር። ዛሬ ውስጡ ሰው የሠራው በር አለ። ቢሆንም የለመንኩትን አግኝቻለሁ።

የደምበጫ ልጅ ነኝ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር። ዕድሜዬ 31 ነው። ነገሩ የጀመረው ግን በልጅነቴ፣ በጉሮሮ ነው። በየክረምቱ ያብጥብኝ ነበር። «እንጥሏ ወርዷል» ተብሎ ተቆረጥኩ። ለጉሮሮ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? 11 ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ጉልበቴ አበጠ። እሱ ሲለቀኝ ቁርጭምጭሚቴን፣ ቁርጭምጭሚቴን ሲለቀኝ ክርኔን ያዘኝ። ቁርጥማት ነው ተባለ። እማዬ ቅቤ እያሸች አሻለኝ፣ ተረሳ።

የልብ ሐኪሙ ከ17 ዓመት በኋላ ነው የነገረኝ። በጊዜው በፔኒሲሊን ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰውነትን ሊያሳስተው ይችላል። ሰውነት ጀርሙን የሚወጋ መስሎት የራሱን መገጣጠሚያ፣ የራሱን ልብ ይወጋል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ በር ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፣ ዓመት በዓመት እየደረቀ ይጠባል። እኛ አገር ወጣቱን የሚይዘው የልብ ሕመም በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ልጆች ያላችሁ፣ ስለ እናቱ ብላችሁ በጉሮሮ አትቀልዱ።

እኔ ላይ የወጣው ልጄን ሳረግዝ ነው። ማታ ተኝቼ መተንፈስ አቃተኝ። ሦስት ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ አድር ጀመር። ሳስል አክታው ሮዝ ይሆናል። አንድ ክሊኒክ «አስም ነው» ብሎ መንፊያ አስገዛኝ። ሌላው የሳንባ ምች አለኝ። ልጄን በሰላም ተገላገልኩ፣ ይኸም ራሱ ተአምር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ጽፌ ወንበር የምፈልግ ሰው ሆንኩ።

ባህር ዳር ሄጄ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሣሁ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ የዓሣ አፍ ሣለልኝ። «በግራ በኩል ያለው የልብሽ በር እንዲህ ሆኗል» አለኝ። የጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። የኔ 1 አይሞላም። በፊኛ ማስፋት የሚባል ነገር አለ፣ የኔ ግን ደርቋል፣ ደግሞም ያፈሳል። መቀየር አለበት። ላዚክስ የሚባል ሽንት የሚያበዛ ክኒንና ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት፣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ ተራ መያዝ።

(ላዚክስ ለምትወስዱ አንድ ምክር። ውጣችሁ አውቶብስ እንዳትሳፈሩ። እኔ ከደጀን ቁልቁል የዓባይ በረሃን ስንወርድ ሹፌሩን አራት ጊዜ አስቁሜዋለሁ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ረዳቱ ራሱ «እህት፣ እዚህስ?» ይለኝ ነበር።)

ተራው ረጅም ነው። ከኔ ጋር አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ፣ ከንፈራቸው የጠቆረ፣ እናታቸው ጭን ላይ የሚያንቀላፉ። አንዷ እናት ልጇን ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው ዶክተር በላይ አበጋዝ ባቋቋሙት የልብ ማዕከል እንዳስመዘገበች እያወራችኝ፣ ልጁ እጄን ይዞ ተኛ። እነሱን አይቼ «እኔን አስቀድሙኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? ስልክ እስኪደወልልሽ ጠብቂ ተባልኩና ተመለስኩ።

እናቴ የሰከላ ሰው ናት። «ስልክ ከመጠበቅ ጻድቁን ዘርዐ ብሩክን እንለምን» አለችና ግሽ ዓባይ ወሰደችኝ። ቦታውን የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ ዓባይ ከመሬት የሚፈልቅበት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቢላ ሳይነካኝ አድነኝ»። እውነቱን ልናገር፣ ከእምነቴ ይልቅ ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

አብራን የሰነበተች ሴት መድኃኒቴን ስቆጥር አየችኝ። «እህቴ፣ ወይ ክኒኑን ወይ ጸበሉን» አለችኝ። ላምናት ፈልጌ ስለነበር አመንኳት። ክኒኖቹን በመሐረብ ቋጥሬ ትራሴ ሥር ከተትኩ። ለእማዬም አልነገርኳትም። በሦስተኛው ሌሊት ውኃ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። አየር አጣሁ። እማዬ ከጀርባዬ አቅፋኝ፣ ሁለታችንም ተቀምጠን አነጋን።

ሲነጋ የሚያጠምቁት አባት መጡ። ትራሴ ሲነሣ መሐረቡ ወደቀ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«መድኃኒት ነው አባ። ትቼዋለሁ።»

«ማን ተይው አለሽ?»

ዝም አልኩ። ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት። ጣሳውን ሞልተው ሰጡኝ። «በይ፣ በጸበሉ ዋጪው» አሉኝ። ሌላ ስብከት የለም። ቆመው እስክውጥ ጠበቁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው በሽተኛ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልመናዬን ቀየርኩ። «ቢላው የሚያርፍበትን አንተ እወቅ። እኔን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ ላስቀድስ» አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተደግፌ፣ አንዳንዴም ደጅ ተቀምጬ ነበር የማስቀድሰው።

ስልኩ የተደወለው ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ከውጭ የቀዶ ሕክምና ቡድን መጥቷል፣ በአምስት ቀን ውስጥ ድረሺ። የያዝኩት ቀይ እስክሪብቶ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ላይ ረጅም መስመር አሰመረበት። ልጁ አልፏል፣ አይዟችሁ።

ከዚያማ ሩጫ ሆነ። ዕድርተኛውም መምህራኑም አዋጡ። ሁለት የበሰበሰ ጥርስ ተነቀልኩ፣ ከጥርስ የሚነሣ ጀርም አዲሱ ቫልቭ፣ ማለት አዲሱ የልብ በር፣ ላይ ሄዶ ይቀመጣል አሉ። ደም የሚሰጡ አራት ሰዎች አምጪ ተባልኩ። ወንድሜ ሦስት ጎረምሶች ጭኖ ከደምበጫ መጣ። «አረቄ ቢገኝበት እንዳትደነግጪ» እያለ ያስቀኛል። የእንስሳ ቫልቭ ወይስ ብረት የሚለውንም እኔው ልመርጥ ነው። የእንስሳው ለወጣት ቶሎ ያረጃል፣ ሌላ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። ብረቱ ዕድሜ አለው፣ ግን ዕድሜ ልክ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስውጣል፣ ያ መድኃኒት ደግሞ ለጽንስ አደገኛ ነው። እማዬ የእንስሳው ከላም ወይም ከአሳማ እንደሚሠራ ስትሰማ «ከምን?» ብላ ተነሣች። ለእሷ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። አንድ ልጅ ሰጥቶኛል። ለእሷ ልቆይላት ብዬ ብረቱን መረጥኩ። ብረት ይሉታል እንጂ አብዛኛው ካርቦን ነው።

ንስሐ ገባሁ፣ ቆረብኩ። በጠዋቱ አልጋው ሲገፋ እማዬ ጆሮዬ ሥር «መጻሕፍቱን ሳያርስ የመለሰ አምላክ አንቺንም ይመልስሽ» አለችኝ። ታሪኩን ለማታውቁት፣ ጻድቁ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ደረቁን ተቀበሉ ነው የሚባለው።

ስለ ቀዶ ጥገናው የማውቀው የነገሩኝን ነው። ልቤን አቁመው፣ ደሜን በማሽን እያዞሩ፣ የደረቀውን በር ቆርጠው አውጥተው አዲሱን ሰፉት። አምስት ሰዓት ፈጀ። የእማዬን አምስት ሰዓት ደግሞ ወንድሜ ነው የነገረኝ። ከቤት 41 የሽምብራ ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጥታለች። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች አንድ አንዱን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ ታሳልፋለች። 41 ሲሞላ ወደ ቀኝ ትመልሳለች። መሀል ላይ አንዷ ፍሬ ወድቃ አግዳሚው ሥር ገባች። «40 ነው የቀረኝ፣ አልቀጥልም» አለች። ጥበቃው፣ ወንድሜና አንድ የማናውቃቸው ሰውዬ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሽምብራ ፈለጉ። አገኟት።

ስነቃ አፌ ውስጥ ቱቦ አለ። መናገር አይቻልም። ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ ብቻ ነበር ሐሳቤ። ነርሷ በእርጥብ ፋሻ ከንፈሬን ስትነካኝ እጇን ልስመው ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን ልቤ ዝብርቅርቅ ብሎ መምታት ጀመረ፣ በመድኃኒት መለሱት። የደረቴ አጥንት በሽቦ ታስሯል። ለማሳል ትራስ ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ አቅፋለሁ። ማስነጠስን እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

ማንም ያልነገረኝ ልቅሶውን ነው። አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ያለ ምክንያት አለቅስ ጀመር። ሾርባ ቀዘቀዘ ብዬ አለቀስኩ። ድኖ ማልቀስ ምን ይሉታል? እግዚአብሔርን ያስቀየምኩ መስሎኝ ጨነቀኝ። ሐኪሟ «ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፣ ያልፋል» አለችኝ። አለፈም። ቀድመው ቢነግሩኝ ግን ምን ነበረበት?

ስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቆይቼ ደምበጫ ገባሁ። ጠያቂው ጎረፈ። የኛ ሰው ሰላምታ ደግሞ ትከሻ ከትከሻ መጋጨት ነው። እማዬ በር ላይ በትር ይዛ ቆመች። «በሩቁ! ደረቷ በሽቦ ነው!» ትላለች። ቄስ ሳይቀር በሩቁ አሳለመኝ። ምጣድ ማንሣት፣ ጄሪካን መያዝ ለሦስት ወር ክልክል ነበር። ልጄን ማንሣትም ክልክል ነው። ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እጇን ዘርግታ ትቆማለች። መሬት እቀመጥና እሷ ወደ እኔ ትወጣለች።

ዋርፋሪኑን፣ ያን ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት፣ በጎመን ተማርኩት። ሁዳዴ ገባ። ጾም ነው፣ ጎመን በየቀኑ ሆነ። ጎመን ደግሞ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። የደሜ የመቅጠን ልክ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን ሲገባው፣ ደብረ ማርቆስ ስለካው 1.6 ወርዷል። ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችል ነበር። ፋርማሲስቱ «ጎመን ተይ አላልኩሽም፣ ልኩን አታዛንፊ» አለኝ። አሁን በሳምንት ሁለቴ ነው፣ በጭልፋ የተለካ። መንገድ ሲዘጋ ግን ከጎመን በላይ የማስበው የቀረኝን የዋርፋሪን ክኒን ቁጥር ነው። ማሰሮ ውስጥ የሁለት ወር መጠባበቂያ አለኝ፣ እንደ ዘር እህል አልነካውም።

ጥር 13 ግሽ ዓባይ ሄድን። ጃንጥላውን አስገባሁ። ከዚያ ለቅዳሴ ቆምኩ። ግድግዳ አልተደገፍኩም። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ፣ ሕዝቡም ጸጥ ሲል፣ ከደረቴ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ይሰማል። አጠገቤ መቋሚያቸውን ይዘው መሬት የተቀመጡ አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰዓትሽን ዝም አሰኚው እንጂ። ቅዳሴ ነው እኮ።»

ጎንበስ አልኩና እጃቸውን ይዤ ነጠላዬ ላይ፣ ደረቴ ላይ አኖርኩት። ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ግን አላነሡም። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል መቋሚያቸውን ትተው እኔን ተደግፈው ተነሡ።