የ2013ቱ ሊግ፦ ጎንደር ላይ ሳይጫወት ዋንጫ የወሰደው ፋሲል

የ2013ቱን የቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻ ሰንጠረዥ ዛሬ ገልጦ የሚያይ ሰው፣ ፋሲል ከነማ ከተከታዩ በሰፊ ልዩነት ርቆ መጨረሱን አይቶ ያልፋል። ሰንጠረዡ ላይ የማይታየው ዐፄዎቹ፣ ማለትም ፋሲሎች፣ ያን ሁሉ ነጥብ ሲሰበስቡ ጎንደር ላይ፣ በፋሲለደስ ስታዲየም፣ አንድም የሊግ ጨዋታ አለማድረጋቸው ነው። የመጀመሪያቸው የሊግ ዋንጫ የመጣው ሜዳቸው ተዘግቶ በከረመበት ዓመት ነው። ያ ዓመት በሌላው ዓመት ሚዛን አይለካም፤ ስለዚህ ከጎሎቹ በፊት አሠራሩን ማየት ይቀድማል።

ከዚያ በፊት የነበረው ውድድር በኮቪድ ምክንያት መሃል ላይ ተሰርዞ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖረው ቀርቷል። አዲሱ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ሲጀመር ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ እና ስሑል ሽረ አልነበሩም። አሥራ ስድስት የነበረው ሊግ 13 ሆነ። በዚያው ላይ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት፣ የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ስለገባ ጨዋታዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስፋት በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። ወረርሽኙና ካሜራው ተደምረው አንድ ውሳኔ ወለዱ፦ ሁሉም ቡድን በአንድ ከተማ ይሰብሰብ፣ ጥቂት ሳምንታት ይጫወት፣ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቀጣዩ ከተማ ይሂድ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ።

አሥራ ሦስት ጎዶሎ ቁጥር ነው። በየሳምንቱ ስድስት ጨዋታ ይካሄዳል፣ አንድ ቡድን ያርፋል። እያንዳንዱ ቡድን በአንደኛው ዙር አንዴ፣ በሁለተኛው ዙር አንዴ ስለሚያርፍ 26 ሳምንት ተቆጥሮ 24 ጨዋታ ያደርጋል። ጠቅላላው 156 ጨዋታ ነው። ብዙ ደጋፊ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር፤ ነጥብ ብቻ እያየ «መሪ ነን» ወይም «ተበለጥን» ሲል ከረመ። በእንዲህ ዓይነት ሊግ የሚያዋጣው የተሰበሰበውን ሳይሆን የተጣለውን ነጥብ መቁጠር ነው። የተጫወተውን በሦስት ታበዛላችሁ፣ ያለውን ነጥብ ትቀንሳላችሁ። አንድ ቡድን በ10 ጨዋታ 22 ነጥብ ካለው 8 ጥሏል። ሌላው በ9 ጨዋታ 20 ካለው የጣለው 7 ነው። ሰንጠረዡ የመጀመሪያውን ከላይ ቢያስቀምጠውም ዕድሉ በእጁ ያለው ሁለተኛው ነው። ለዋንጫ ስሌት ደግሞ የቀሩትን ጨዋታዎች በሦስት አብዝታችሁ አሁን ባለው ነጥብ ላይ ትደምራላችሁ፤ የተከታዩ ከፍተኛ ውጤት ከመሪው የዛሬ ነጥብ ካነሰ ነገሩ አልቋል፣ እኩል ከሆነ ግን ገና ነው፣ የግብ ክፍያ (ከተቆጠረው ጎል የገባው ሲቀነስ) አለ። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ ዋንጫ መውሰዱን የረሳ ደጋፊ ያለ አይመስለኝም።

የአራፊው ነገር ሌላም መዘዝ አለው። ጨዋታ በየአራትና አምስት ቀኑ ሲመጣ አንድ ሳምንት ያረፈ ቡድን ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ያገኛል። ተጋጣሚው ግን ከጥቂት ቀናት በፊት 90 ደቂቃ ሮጧል። ጉዳት ለበዛበት ቡድን ይህ ስጦታ ነው። በተከታታይ እያሸነፈ ለመጣ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ዕርግማን ይሆናል፤ ከዕረፍት መልስ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ላይ እግር ይከብዳል፣ ቅብብሉ ይዘገያል። የአንድን ቡድን ውጤት ስትገመግሙ ከጨዋታው በፊት ስንት ቀን እንዳረፈ አጠገቡ ጻፉ። አሰልጣኝን ለመስቀልም ለማውረድም ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

አሁን ወደ ሣሩ። 156 ጨዋታ ለአምስት ከተማ ሲከፈል በአማካይ ለአንድ ስታዲየም 31 ይደርሳል። በተለመደው የደርሶ መልስ ሥርዓት፣ በ13 ቡድን ሊግ፣ አንድ ክለብ በሜዳው የሚያስተናግደው በዓመት 12 ብቻ ነው። ማለትም አንድ ሜዳ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሚበቃውን ጨዋታ በጥቂት ሳምንታት ተሸከመ። መብራት በሌለበት በቀን ሁለት ጨዋታ ማድረግ የሚቻለው አንዱን ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ በማድረግ ነው። በዚያ ላይ አራት ቡድን እዚያው ሣር ላይ ያሟሙቃል። ቀድሞ የሚነሳው በሁለቱ ግብ አፍ ያለው ሣር ነው፣ ቀጥሎ ረዳት ዳኞች የሚመላለሱበት መስመር፣ ከዚያ የመሃሉ ክብ። ጠዋት ውሃ የጠጣ ሜዳ ላይ ኳስ ትፈጥናለች፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሲደርቅ ትነጥራለች፣ ቅብብል አንድ ንክኪ ይጨምራል፣ ያ አንድ ንክኪ ደግሞ ለተጫኝ ተጋጣሚ ይበቃዋል።

ይህን በቅርብ ማየት ለፈለገ ኢትዮጵያ ቡናን መከታተል ነበረበት። የአሰልጣኝ ካሳዬ አራጌ ቡድን ኳስ የሚመሠርተው ከግብ ጠባቂው ነው። ሁለቱ የመሃል ተከላካዮች ሳጥኑ ጠርዝ ድረስ ይከፈታሉ፣ ተከላካይ አማካዩ ዝቅ ይላል፣ ተጋጣሚው እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ሲመጣ ከጀርባው የተተወው ቦታ ይጠቃል። አሠራሩ የቆመው ግብ ጠባቂው ለተከላካዩ በሚሰጣት አጭር ኳስ ላይ ነው። እሷ ደግሞ የምትጓዘው ሣሩ ቀድሞ በሚነሳበት ቦታ ላይ ነው። አንዲት ክፉ ንጥረት ተከላካዩን ኳስ በጉልበቱ እንዲቆጣጠር ታስገድደዋለች፣ አጥቂው ይደርስበታል፣ ጎል ይገባል፣ ከዚያ በየካፌው «ካሳዬ ኳስ ጠልዙ ቢላቸው ምናለ» ይባላል። ፍርዱ ሁልጊዜ ልክ አልነበረም። ከተማው ውስጥ ስንተኛው ሳምንት እንደሆነ ሳያዩ የቡድን አጨዋወት ላይ መፍረድ በዚያ ዓመት ከተሠሩት ስህተቶች ትልቁ ነው እላለሁ። ደግሞም በዚሁ አጨዋወት ቡናማዎቹ ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል።

ከሣሩ ሌላ ከፍታና ሙቀት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1200 ገደማ። አየሩ ስስ በሆነበት ከተማ የተለጋች ኳስ ርቃና ፈጥና ትሄዳለች፤ ግብ ጠባቂ የማዕዘን ምት ሲገምት ያ ይቆጠራል። ታች ሲወረድ ሳንባ ያርፋል፣ ሙቀቱ ግን እግር ይይዛል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሁለት ጾም ተደራረበ። ረመዳን ሚያዝያ 5 ገባ፣ የዐቢይ ጾም እስከ ፋሲካ፣ እስከ ሚያዝያ 24 ዘለቀ። አንዱ ቡድን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይቀምስ ተጫዋችና ከፍስክ ምግብ የታቀበ ተጫዋች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። የሆቴል ምግብ በሁለት ዓይነት ሰዓትና በሁለት ዓይነት ድስት ማዘጋጀት የቡድን መሪው ሥራ ነው፣ በቴሌቪዥንም አይታይም። በ70ኛው ደቂቃ ላይ የሚታየው ግን እሱ ነው።

ታዲያ ፋሲል እንዴት ወሰደው? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ከሜዳው ይልቅ በስብስቡ የሚተማመን ቡድን ስለነበረ። ዋናው ስብስብ ቀድሞ የተሠራ ነው። በ2011 በውበቱ አባተ እየተመራ በአንድ ነጥብ ብቻ ተበልጦ ዋንጫውን ለመቐለ 70 እንደርታ የለቀቀ ቡድን ነበር፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን ወስዷል። ሥዩም ከበደ ሲረከበው አላፈረሰውም። ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ግቡ ላይ፣ አምበሉ ያሬድ ባየ ከፊቱ፣ ሱራፌል ዳኛቸው ኳስ ማከፋፈሉ ላይ፣ ሽመክት ጉግሳ መስመሩ ላይ፣ ሙጂብ ቃሲም ሳጥኑ ውስጥ። በየአምስት ቀኑ ጨዋታ ሲኖር ልምምድ ማለት ማገገም ነው፤ አዲስ አሠራር ለማስተማር ቀን የለም። ስለዚህ ቀድሞ የሚተዋወቅ ቡድን ይጠቀማል፣ በዝውውር መስኮት አሥር ሰው ያመጣ ቡድን ይጎዳል። ፈረሰኞቹ፣ ማለትም ቅዱስ ጊዮርጊሶች፣ በውድድሩ መሃል አሰልጣኝ ሲለውጡ የከፈሉት ዋጋ ይኸው ነው። ለአዲሱ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን የሚያውቅበት ጊዜ አልነበረውም። ሌላም ነገር አለ፤ ሜዳው ሲጠብ መከፈት ያቃተውን ጨዋታ ፋሲል በቆመ ኳስና በሙጂብ ጭንቅላት ይፈታው ነበር። የተበላሸ ሣር የቆመ ኳስን አይጎዳም።

«ባለሜዳ» የሚለው ቃል በዚያ ዓመት ከማሊያ ምርጫና ከመልበሻ ክፍል ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ውድድሩ ከተማው ሲደርስ የከተማው ክለብ በራሱ አልጋ ያድራል፣ ሌላው በሆቴል። ፋሲል ለጎንደር የቀረበው ባሕር ዳር ላይ ሲሆን እሱም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ደግሞም የጣና ሞገዶቹ፣ የባሕር ዳር ከተማ ክለብ፣ ቤት ነው። በሌላ በኩል ጅማ አባ ጅፋር ሊጉን በደጁ አስተናግዶም ከመጨረሻዎቹ ሦስት አልወጣም፤ አዳማ ከተማና ወልቂጤ ከተማ ከጎኑ ነበሩ። ሆቴልና መኪና ገንዘብ ይበላል፣ ደመወዝ በሚዘገይበት ክለብ ደግሞ ወር ሙሉ በአንድ ፎቅ የተቀመጡ ተጫዋቾች ሌላ የሚያወሩት ነገር አይኖራቸውም። ቅሬታ ከቤት ይልቅ ሆቴል ውስጥ ቶሎ ይዛመታል። የሲዳማ ቡና መዳን ግን ይጠቀስ፤ ከ2010 እና ከ2011 ሻምፒዮኖች ጀርባ የነበረውን ገብረመድህን ኃይሌን መሃል ላይ አምጥቶ ከወራጅ ቀጠና ወጣ። መሃል ላይ አሰልጣኝ መለወጥ የሠራው ለሊጉ እንግዳ ባልሆነ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ቡናውን አጥቂ አቡበከር ናስርን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለማጣፈጥ አይደለም፤ ቁጥሩ ሳይዛባ እንዲታይ ነው። በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል። የቀድሞው ክብረ ወሰን ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 በመብራት ኃይል ያስቆጠረው 24 ነበር። ለ20 ዓመት ገደማ የቆየውን ያን ቁጥር በ2010 ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ተጠግቶት ነበር፣ አልነካውም። አቡበከር የነበረው ዕድል ቢበዛ 24 ጨዋታ ነው፤ ሁለቱ ሳምንት ቡድኑ አርፏል። በጨዋታ ከአንድ ጎል በላይ ማለት ነው። «ፍጹም ቅጣት ምት ይመታል» የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ግን ፍጹም ቅጣት ምት የሚገኘው ሳጥን ውስጥ ተከላካይን የሚያጋልጥ ሰው ሲኖር ነው፣ ቡና ውስጥ ያ ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነበር። የሚጠና ነገር ካለ የመጀመሪያ ንክኪው ነው፤ ኳሷን የሚቀበለው ገላውን ግማሽ ዞሮ፣ ከተከላካዩ በሚርቀው እግር ነው። ስለዚህ ተከላካዩ ከኋላ ሲደርስ ወይ ጥፋት ይሠራል ወይ ይታለፋል። በ2014 የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የወሰደው ይህን ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሊጉ ቆሞ ዋልያዎቹ፣ ብሔራዊ ቡድኑ፣ ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4ለ0 አሸነፉ፤ ቀኑ መጋቢት 15 ነበር። መጋቢት 21 አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3ለ1 እየተመሩ ዳኛው ሜዳ ላይ ወድቀው ጨዋታው ሳያልቅ ቢቆምም፣ ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ጎል አቻ በመለያየታቸው ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። አሰልጣኙ ያው ውበቱ አባተ፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከዚሁ ከሚዞረው ሊግ።

ግርጌው ላይ የቀሩት ሦስቱም አልወረዱም። የትግራይ ክለቦች ቦታ ክፍት ስለነበር ከታችኛው ሊግ ክለቦች ጋር ሐዋሳ ላይ በተደረገው የማሟያ ውድድር ወልቂጤ፣ አዳማና ጅማ አባ ጅፋር ተርፈዋል። መከላከያ፣ አርባ ምንጭ ከተማ እና አዲስ አበባ ከተማ አድገው ሲጨመሩ ሊጉ በ2014 እንደገና 16 ሆነ፤ 30 ሳምንት፣ 240 ጨዋታ። አራፊ ቡድን የለም፤ ስለዚህ የተጣለ ነጥብ ስሌቱ ተስተካካይ ጨዋታ ሲኖር ካልሆነ አያስፈልግም። የከተማውን ስምና የዕረፍቱን ቀን የምትጽፉበት ዓምድ ግን ይቆይ፤ ሊጉ በ2014ም የዞረው በተመረጡ ከተሞች ነው።