ለኪዳነ ምሕረት ጥላ የተሳልኩባት ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል። ዛሬ ሳልጨርስ አልነሳም።

የምኖረው ኮፐንሃገን ነው። እንጀራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከምንከባከባቸው አንዷ የ78 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ግሪንላንድ ሄደው አስተምረዋል። «ሳልሞት ያንን በረዶ አንዴ ልየው» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የመርከብ ጉዞ ገዙላቸው። ብቻቸውን እንዳይሆኑ እኔንም ጨመሩኝ። ማዘር ነው የምላቸው። የዴንማርክ ሰው በስሙ ቢጠራ፣ «አንቺ» ቢባል ቅር አይለውም። እኔ ግን አፌ እምቢ ይለኛል።

አሁን እውነቱን ልናገር። ያኔ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። በትዳር 11 ዓመት ኖረን ሦስት ጊዜ አርግዣለሁ። ሁለቱ ገና በጠዋቱ ወረዱ። ሦስተኛዋ ሰባት ወር ሞልቷት ነበር። ስም አውጥተንላት ነበር። ከዚያ በኋላ ውዳሴ ማርያሜን ጠቅልዬ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ ብቻውን ያስቀድስ ጀመር። እኔ እሁድ እሁድ የሥራ ፈረቃ እየለመንኩ እወስድ ነበር። ማዕተቤን አልበጠስኩም፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መርከቡ ላይ ደግሞ በፍልሰታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንቁላል በላሁ። ርቦኝ አይደለም። እልህ ነው።

የደረስንበት ከተማ ኢሉሊሳት ይባላል። ስሙ ራሱ በአገሬው ቋንቋ «የበረዶ ተራሮች» ማለት ነው። ከከተማው ጎን አንድ ረጅም የባሕር ሰርጥ አለ፤ ዩኔስኮ በ2004 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በሰርጡ ጫፍ ያለው የበረዶ ግግር በቀን እስከ 40 ሜትር ድረስ ወደ ባሕር ይገፋል። ጫፉ እየተገመሰ ይወድቃል፤ የወደቀው እየተንሳፈፈ ይወጣል። በሰርጡ አፍ ላይ ከውሃው ሥር እንደ ቤት ደፍ ያለ ነገር ስላለ፣ ትልልቆቹ እሱ ላይ ተቀርቅረው ይቆማሉ። እኛ ልናይ የወጣነው እነሱን ነው።

ነሐሴ 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ዞዲያክ በሚሏት የጎማ ጀልባ አሥር ሰው ሆነን ከመርከቡ ወረድን። 11 ሰዓት ላይ ተመልሰን ሻይ ልንጠጣ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጭ መስሎኝ ነበር። ነጭ አይደለም። ሰማያዊ ደም ሥር አለው። አስጎብኚው ወጣት ሞተሩን አጠፋና «አዳምጡ» አለን። ውሃው ላይ የሚንሳፈፉት ትንንሽ ስባሪዎች ይንሸሸሻሉ። የአምቦ ውሃ ስትከፍቱ እንዳለው ድምፅ ማለት ነው። በረዶው ውስጥ ታስሮ የኖረ የጥንት አየር ነው አሉ፣ እየፈነዳ የሚወጣው።

ከዚያ ልጁ በረዶው ከግግሩ እንዴት እንደሚለይ ማስረዳት ጀመረ። በዴንማርክኛ ላም ስትወልድ የሚሉት ቃል አለ። ለበረዶውም የሚሉት ያንኑ ነው። ወለደች፣ ወለደች ይላል ልጁ፣ ምን ያውቃል። እኔ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ። በረዶ እንኳን ይወልዳል! በዚያች ቅጽበት ሳልጠራው መጽሐፈ ኢዮብ መጣብኝ፤ «በረዶስ ከማን ማኅፀን ወጣ?» ሕፃን ሳለሁ የኔታ ያስጠኑን መሰለኝ፣ ወይ ስብከት ላይ ሰምቼው ይሆናል። ጥያቄ መሆኑ ነው ያናደደኝ። በልቤ «አንተው መልሰው» አልኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእግዚአብሔር የተናገርኳት የመጀመሪያዋ ቃል ይቺ ነበረች።

ወፎቹ በአንዴ ተነሱ።

ልጁ ያየው ያኔ ነው። በቂ ርቀት ላይ ነበርን፤ ጥፋት የለበትም፣ ይህን በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ። ፊት ለፊታችን ያለው፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚያህለው ተራራ፣ ቀስ ብሎ ማዘንበል ጀመረ። ከውሃው በላይ የሚታየው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። የቀረው ከሥር ነው። ያ ከሥር ያለው ወጣ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ልሙጥ፣ ውሃ እንደ ፏፏቴ እየወረደበት። ድምፁ ነጎድጓድ ነው ልላችሁ ነበር፤ አይደለም። ነጎድጓድ ከላይ ነው የሚመጣው። ይሄ ከእግሬ ሥር ነው የመጣው።

ማዕበሉ ሦስት ጊዜ አነሳን። ማዘርን አቅፌ ወለሉ ላይ ተኛሁባቸው። ሲረጋ ማንም ባሕር ውስጥ አልወደቀም። ግን የጀልባዋን ዙሪያ ስናይ ውሃ የለም። የተሰባበረው በረዶ እንደ ድንጋይ ክምር ዘግቶናል። ልጁ ሞተሩን አስነስቶ ሊያወጣን ሲሞክር «ኳ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ሞተሩን ከውሃ አውጥቶ አየው። ፕሮፔለሩ ተሰብሯል። ቀና ስንል ደግሞ ጉም መጥቷል። መርከባችን ጠፋ። የበረዶ ተራሮቹም ጠፉ፤ ሲንቋቁ ግን ይሰማሉ። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው፦ የትኛው በየት በኩል እንደሚገለበጥ አለማወቅ።

በሬዲዮ መርከቡ ይሰማናል። ያለንበትንም በጂፒኤስ ያውቃሉ። ሌሎቹ ጀልባዎች ሁለት ጊዜ ሞክረው በረዶው መለሳቸው። ሄሊኮፕተር በዚያ ጉም አይነሳም አሉ። «ጠብቁ» ተባልን።

11 ሰዓት አለፈ። 12 አለፈ። በነሐሴ አጋማሽ እዚያ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፣ አመድ መስሎ ነው የሚያመሸው። የለበስነው ወፍራም የባሕር ልብስ ነው፤ ቅዝቃዜው ግን ከወለሉ ይገባል። የማዘር ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። ጓንታቸውን አውልቄ እጃቸውን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። እንደዚያ የቀዘቀዘ የሰው እጅ ነክቼ አላውቅም። አዎ፣ አንዴ ነክቻለሁ። ትንሽ እጅ ነበረች።

እዚያ ላይ ነው የፈነዳሁት። በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ፊት። «ስንጠፋ አይገድህምን?» አልኩት። ሐዋርያቱ በጀልባ ላይ ያሉትን ነው፣ ግን እንደ እነሱ «መምህር ሆይ» አላልኩም። ልጄን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ እኝህን አሮጊት እጄ ላይ ልትገድል ነው ወይ አልኩት። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም፤ ንስሐ አባቴ ሰምተውታል፣ ይበቃል። ስጨርስ ድምፄ ዘጋ። ዝም ሲለኝ፣ አፌ በራሱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመረ።

በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ 41 ልሞላ። እጄ ደንዝዟል፣ አንጓዬ አይታወቀኝም። 17 ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ማዘር ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ምን እየቆጠርሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በሃይማኖት የሚያምኑ ሴት አይደሉም። «እንግዲያው ቁጥሩን እኔ ልያዝልሽ፣ አስተማሪ ነኝ» አሉ። እኔ እግዚኦ ስል እሳቸው በዴንማርክኛ ቁጥር ይጠራሉ። እንዳይተኙ የያዛቸው እሱ ነው። እኔንም ከመበታተን። ስንት ዙር እንዳደረስን እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ አላውቅም። በመሃል እናቴ ጎንደር ሽሮ ስታማስል የምታንጎራጉራት የእመቤታችን መዝሙር መጣችብኝ፣ እሷንም ዘመርኩ። ፊት ለፊት የተቀመጡት የጀርመን ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ያዳምጡኛል።

ከዚያ ተሳልኩ። ነገ ነሐሴ 16 ነው፤ ፍልሰታ የሚፈታበት፣ የኪዳነ ምሕረትም ቀን። «ሁላችንንም በነፍስ ካወጣሽን ለደጅሽ ጥላ አስገባለሁ» አልኩ። ልጅ ስጪኝ አላልኩም። በዚያ ሌሊት ትዝም አላለኝ።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ የሞተር ድምፅ ሰማን። ትንሽ ድምፅ ናት። ትመጣለች፣ ትጠፋለች። አንድ የአገሬው ዓሣ አጥማጅ ነው፣ በሬዲዮ ሰምቶ ማንም ሳያዝዘው የወጣ። ከበረዶው ጋር አይታገልም። ሞተሩን ያጠፋል፣ ይጠብቃል፣ ክፍተት ሲያይ ይገባል። እንደገና ያጠፋል። እንዲህ እያለ እኛ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። የባሕሩ ውሃ አቅጣጫ ሲቀይር በረዶው ላላ ብሎ ነው አሉ በኋላ። ይሁን። እሱም በሰዓቱ ነው የላላው።

ስልሳ የሚሆነው ሰውዬ፣ የዓሣ ቅርፊት የደረቀበት ብርቱካናማ ቱታ፣ አፉ ላይ ያልተለኮሰ ሲጋራ። ማዘርን እንደ ሕፃን አንስቶ ወደ ጀልባው አሻገራቸው። ከፔርሙዙ ቡና ቀዳልኝ። ቡናው እንኳን አይጠጣም፣ የታጠበ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ ግን እንደሱ ያለ አልጠጣሁም። በአገሩ አመሰግናለሁ ማለት «ኩያናክ» ነው። ማዘር አስተምረውኝ ነበር። አልኩት፣ አነጋገሬ አስቆት ሳቀ። ወንድሜ ሆይ፣ እግዚአብሔር ባለህበት ይጠብቅህ፣ መረብህ አይንጠፍ። ሙቀቱን ለሁላችን ሲያከፋፍል ያደረው፣ የራሱን ኮፍያ ለሌላ ሰው የሰጠው አስጎብኚ ልጅም እንዲሁ።

ኢሉሊሳት ወደብ ስንደርስ የከተማው ጋሪ ጎታች ውሾች በአንድ ላይ ይጮሁ ነበር። ውሻ ሲጮህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለባለቤቴ ደወልኩ። ልብሱን ለብሶ ለቅዳሴ ሊወጣ ነበር። «በእኔም ስም አስቀድስ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ፦ ንስሐ ገባሁ፣ ቆረብን፣ ማዘር ዳኑ፣ አሁንም ቁጥር ይዘውልኛል።

ልጅስ ትሉኝ ይሆናል። የለኝም። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ይከፋኛል፣ አሁንም እናገረዋለሁ። ግን ተመልሼ አላኮረፍኩም።

ጥላውን እናቴ ናት ገዝታ ያስገባችልኝ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቀይ። «ለምንድነው የተሳልሽው?» ብላ ስትጠይቀኝ «እንዲሁ ነው እማዬ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ፣ ደም ግፊት አለባት። ይህን ታናሽ እህቴ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ እማ። ቁጭ ብለሽ ስሚ። ደህና ነኝ፣ እጄም አሥሩም ጣት አለው።