በ42 ዓመቷ የታቀፈችው የስለት ልጅ

የቅዱስ ገብርኤል አምላክ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ ድሬዳዋ የምትኖር አንዲት እናት በ42 ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ታቅፋለች። ይህን የምንጽፈው በእርግዝና ክትትልና በማዋለጃ ክፍል የምንሠራ ሚድዋይፎች ነን። እናትየው «ስሜን ተዉት፣ የተደረገልኝን ግን አንድም ሳታስቀሩ ተናገሩልኝ» ብላናለች። አንድም ሳይቀር ያለችው የግፊቱን ቁጥር፣ የመርፌውን መጠን፣ የጾሙን ነገር ሁሉ ነው። ዘግይተው የፀነሱ እህቶች ይጠቀሙበት ብላ ነው።

ካገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። አንድ ጊዜ ፀንሳ በሦስተኛ ወሯ ወርዶባታል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቢ ሄዳ ተሳለች። ጥቅምት ላይ ፀነሰች። ደስታዋን ሳትጨርስ ግን «በዚህ ዕድሜ የሚወለድ ልጅ ጤነኛ አይሆንም» የሚል ወሬ ከየአቅጣጫው መጣባት። ይህ ወሬ ብዙ እናቶችን ያስጨንቃል፣ አንዳንዶቹንም ክትትል እስከ መተው ያደርሳል፤ ስለዚህ ልኩን እንናገር። የሴት ልጅ እንቁላል የሚፈጠረው እሷ ራሷ በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው፣ አብሯት ያረጃል። ሲያረጅ የዘር መረጃን የሚሸከመው ክሮሞሶም ሲከፋፈል ስሕተት ይበዛል። ውርጃ በዕድሜ የሚጨምረውም በዋነኛነት በዚሁ ነው። በዳውን ሲንድረም፣ ማለትም አንድ ክሮሞሶም በመጨመሩ በሚመጣ የእድገት ችግር፣ የመወለድ ዕድል እናትየው 35 ስትሆን ከ350 ልጆች 1፣ በ40 ከ100 ልጆች 1፣ በ45 ከ30 ልጆች 1 ገደማ ነው። የ42 ዓመት እናቶች ከሚወልዷቸው 100 ልጆች ታዲያ 98 ያህሉ ይህ ችግር የለባቸውም። ቁጥሩን ስትሰማ አለቀሰች፤ ጸሎቷንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ፍርሃት ጸለየች።

ክትትል የጀመረችው ከ12 ሳምንት በፊት ነው፣ ብዙ ነገር የዳነው በዚህ ነው። ዕድሜ ከ35 በላይ መሆኑና የመጀመሪያ ወሊድ መሆኑ ሲደራረቡ የግፊት አደጋ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በየምሽቱ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን አዘዘላት፤ መጠኑ ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። ከ16 ሳምንት በኋላ ሲጀመር ጥቅሙ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የእንግዴ ልጁ ሥሮች የሚተከሉት በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን ማንም አይጀምረው። ከዚያ ጋር አይረን ከፎሊክ አሲድ፣ እንዲሁም ካልሲየም ትወስድ ነበር። አይረንና ካልሲየም አብረው ከተዋጡ አንዱ ሌላውን ስለሚያግድ ጠዋትና ማታ ለያይታቸዋለች። አይረኑን በቡና ወይም በሻይ ማወራረድ ደግሞ እንክብሉን እንደ መጣል ነው። በ26ኛው ሳምንት 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ስኳሯ ተለካ። ባዶ ሆድ ከ92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ153 በታች ሆኖ ተገኘ፤ ተመስገን።

አቢይ ጾም የገባው በአምስተኛ ወሯ ነበር። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ቆርጣ ነበር። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ የተሳልሽውን ልጅ መጠበቅ ጾምሽ ነው፤ በሰዓቱ ብዪ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ» ብለው ፈቱላት። የንስሐ አባት እንዲህ ሲያግዝ የእኛ ሥራ ግማሹ ይቀላል። ጫት ቤቷ የለም፤ በከተማችን ግን ነፍሰ ጡሮችም ሲቅሙ እናያለንና እንናገረው። ጫት የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊት ያነሣል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል፤ ልጁ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል። ድሬዳዋ ላይ ወባም አለ። በቅርብ ዓመታት የገባችው ትንኝ በየግቢው በርሜልና ሮቶ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች። በርሜሉን መክደን፣ በአጎበር መተኛት፣ ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ደም መመርመር ያስፈልጋል።

የግፊት አለካክን በተመለከተ የምንቆረቆርበት ነገር አለ። እናትየዋ ከባጃጅ ወርዳ፣ ደረጃ ወጥታ፣ ገና እያለከለከች ከተለካች ቁጥሩ ይዋሻል። አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯ ሳይጠላለፍ መሬት ይርገጥ፣ ክንዷ በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መለኪያ ሲታሰር ከእውነቱ በላይ ያነብባል። በአራት ሰዓት ልዩነት ሁለቴ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው፤ 160/110 ከደረሰ ግን አራት ሰዓት አይጠበቅም።

ግንቦት መጨረሻ፣ 33ኛው ሳምንት ላይ፣ ራስ ምታት ያዛት። ለቡና የመጡ ጎረቤቶች «አይዞሽ እህቴ፣ የግንቦት ሙቀት ነው» አሏት። ድሬዳዋ ላይ የነፍሰ ጡር እግር ማበጥ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። እሷ ግን የተነገራትን ታስታውስ ነበር፤ ጠዋት ፊቷ አብጦ ተነሣች፣ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ፣ ዓይኗ ፊት ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። አንዲት ጎረቤት መጀመሪያ ጠበል ይምጣላት አለች። ታናሽ እህቷ «ጠበሉን ሆስፒታል ድረስ አመጣላታለሁ» ብላ ባጃጅ ጠራች። መንገዱን ሙሉ «ገብርኤል ድረስልኝ» ስትል ነበር።

ግፊቷ 172/114፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ሦስት ፕላስ ሆነ። ይህ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና የሚመጣ የግፊት በሽታ ነው፤ ካልታከመ እናቲቱን ያንዘፈዝፋል፣ አንጎሏ ውስጥ ደም ሊያፈስ፣ እንግዴ ልጁንም ያለጊዜው ሊያላቅቅ ይችላል። መንዘፍዘፉ ሲመጣ ቤተሰብ መንፈስ ነው ብሎ ሌላ ቦታ ይወስዳታል፣ ሰዓቱ በዚያ ያልቃል። ቤት ውስጥ ከደረሰ በግራ ጎኗ ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ውሃ አለማስገባት፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ማምጣት ነው።

መንዘፍዘፉን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ተጀመረላት። 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ቢያንስ በአምስት ደቂቃ፤ ከዚያ 5 ግራም በእያንዳንዱ ዳሌ። መርፌው ሲገባ «ሰውነቴ ነደደ» ብላ ጮኸች፣ ቤተሰቡ ደነገጠ። የመንደድ ስሜቱ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው፣ ቶሎ ያልፋል። ከዚያ በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም በአንድ ዳሌ ይቀጥላል። እያንዳንዱ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፤ ትንፋሿ በደቂቃ 16 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ መዝለሉ፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር መውረዱ። አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል። መድኃኒቱ ከበዛ ትንፋሽ ያቆማልና ማርከሻው 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት አልጋዋ አጠገብ ተዘጋጅቶ ነበር። ግፊቱን ለማውረድ ሃይድራላዚን፣ ለልጁ ሳንባ ደግሞ ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ተሰጣት።

እነዚያ ሁለት ቀናት እግዚአብሔር የጨመረላት ቀናት ናቸው ብለን እናምናለን። የዴክሳሜታሶኑ ሙሉ መጠን እስኪያልቅ አልተንዘፈዘፈችም፣ አልደማችም፣ የልጁ የልብ ምትም አልወረደም። የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠ በኋላ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቷ ከ100,000 በታች ወርዶ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ አልተቻለም። የወንድሟና የባሏ ደም አስቀድሞ ተለግሶ ስለነበር ቀዶ ሕክምናው ያለ ሥጋት ተጀመረ። ማግኒዥየም ማሕፀንን ስለሚያላላ፣ በዕድሜ የገፉ እናቶችም ከወሊድ በኋላ ብዙ ስለሚደሙ ማሕፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ወዲያው ተሰጠ። ለዚሁ የሚሰጠው ሌላው መድኃኒት ኤርጎሜትሪን ግን ግፊት ላለባት እናት አይሰጥም፤ ግፊቱን ሽቅብ ያወጣዋል።

ሴት ልጅ፣ 1,850 ግራም። አለቀሰች! በውጭው ሙቀት ተዘናግቶ «ድሬ ላይ ልጅ አይበርደውም» የሚል አለ፤ ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ ግን ስብ የላትም፣ በ35 ዲግሪ ቀንም ትቀዘቅዛለች። እናቷ ደረት ላይ፣ ሥጋ ለሥጋ፣ በኮፍያና በካልሲ ብቻ፣ ቀንና ሌሊት ታቀፈቻት። የታለበ የጡት ወተት በየሁለት እስከ ሦስት ሰዓቱ መጀመሪያ በቱቦ፣ ከዚያ በኩባያ ተሰጣት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቷ ቀነሰ፣ ያ የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 15 ግራም ያህል መጨመር ስትጀምር ሆስፒታሉን ለቀው ወጡ። በ80 ቀኗ በሰፈሯ ደብር ተጠመቀች፣ ለታኅሣሥ 19ም ቁልቢ ወጥተው ስለታቸውን አገቡ። ቁልቢ ደጋ ነው፣ ከድሬ ሙቀት ለወጣ ሕፃን ብርዱ ከባድ ነውና ብርድ ልብስ ደርበው ሄደዋል።

ለእናትየው የግፊቱ ነገር በወሊድ አላበቃም። ግፊት ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ይበልጥ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙዎች ግን ልጁን ታቅፈው ሲሄዱ ራሳቸውን ይረሳሉ። ማግኒዥየሙ ከወሊድ በኋላ 24 ሰዓት ቀጠለላት፤ ግፊቷ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በ6ኛው ሳምንትም ተለክቷል። ሌላ ልጅ እግዚአብሔር ከፈቀደላት አስፕሪኑ እንደገና ከ12ኛው ሳምንት ይጀመርላታል። እስከዚያው ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ እንክብል ግፊት ላለባትና ዕድሜዋ ለገፋ ስለማይመከር በክንድ የሚቀበረውን መርጣለች።