ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውን ርቀትና የጉዞ ሰዓት እንዴት እንዳሰላሁ

በጥር ወር እህቴ ከጅማ ተነስታ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዋሽንግተን ስትጓዝ፣ ጉዞው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነበርኩ። ትኬቱ ላይ ከቦሌ መነሻው 22:45፣ መድረሻው በማግስቱ 08:15 ስለሚል አንዱን ከሌላው ቀንሼ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ትደርሳለች» አልኳት። በማግስቱ እናቴ ስልኩን ከረከቦቱ ጎን አስቀምጣ ቡና አፈላች። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተከተለ፣ ስልኩ ግን አልጮኸም፤ በረካው ሳይቀዳ ጀበናው ቀዘቀዘ። እህቴ የደወለችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ እናቴ እስከዚያ ድረስ እህል አልቀመሰችም። «ልጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብለኸኝ አልነበረም?» ያለችኝ ዛሬም ይከነክነኛል።

ስህተቴ ግልጽ ነበር። ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ፣ መድረሻውም በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል። ዋሽንግተን በክረምቷ ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ የእነሱ 08:15 ለእኛ 16:15፣ በአቆጣጠራችን ከቀኑ 10 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ጉዞውም 17 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ሰዓት መጀመሪያ ወደ እኛ ሰዓት ሳልመልስ አልቀንስም።

ያም ሆኖ 17 ሰዓት ተኩል በዛብኝና ርቀቱን ራሴ ለመለካት ተነሣሁ። መጀመሪያ በግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ ባጋድም መስመሩ በቻድና በማሊ በኩል አለፈ፤ ጠፍጣፋ ካርታ ግን ክብ የሆነችውን ምድር ስለሚያዛባ አላመንኩትም። ስለዚህ ሉል ተውሼ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጠርኩ። ክሩ በሱዳን፣ በሊቢያና በስፔን በኩል ወደ ሰሜን ተለጥጦ አትላንቲክን አቋረጠ። ርዝመቱ 27 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የሉሉ ወገብ ዙሪያ 94 ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በተመጣጣኝ ሲሰላ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር መጣልኝ።

ትልቅ ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ ይህ ርቀት 13 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የቀረው አራት ሰዓት ተኩል ያህል የት ሄደ? መልሱ ቦሌ ራሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ የሳሳ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ስለሚያንሳቸው፣ ለዚህ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ተሳፋሪ ጋር ይዞ መነሣት ያስቸግራል። በዚህም ምክንያት የእህቴ አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞልቷል። ከዋሽንግተን ሲነሣ ግን ማረፊያው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ በቀጥታ ይመጣል፤ በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ያግዘዋል።

ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ለአጭር በረራ አይሠራም። ጅማና አዲስ አበባ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመውጣትና በመውረድ ነው።

እህቴ በሚያዝያ ስትመለስ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት ስላዞሩ ልዩነቱ 7 ሆኖ ነበር። በእነሱ 11:00 መነሣቷን ወደ እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ለውጬ 13 ሰዓት ጨመርኩበትና «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦሌ ትገባለች» አልኩ። እናቴ በዚያን ቀን ጀበናውን የጣደችው አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነበር፤ ስልኩ ሲጠራ ገና አቦሉ አልተቀዳም።