ቃልህ ጥር ላይ እንዳይሰበር

«እውነት እስከተናገርክ ምን ያስፈራሃል?» ይላሉ አገር ቤት ያሉ ወዳጆች፣ አውሮፓ ሄዶ ጥገኝነት ለሚጠይቅ ሰው። እውነቱማ አለ፤ ፈረንጁ የሚመዝነው ግን በራሱ ካላንደር ነው። የጥገኝነት ጠያቂን ቃል የሚቀበል መርማሪ ቀኖቹ መግጠማቸውን ያያል፣ ካልገጠሙ ቃሉ «እምነት የማይጣልበት» ተብሎ ይጻፋል። ባልዋሹት ውሸታም መባል፣ ያውም ያገር ልጅ እያስተረጎመ!

ነገሩ የሚበላሸው የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ዓመት ሲቀይሩ፣ በስሌት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ጥቅምት 2013 ታስሮ ጥር 2013 የተፈታ ሰው በእነሱ 2020 ገብቶ 2021 ወጣ። በሁለቱም ላይ 8 ከደመረ ግን የታሰረው በኦክቶበር 2021፣ የተፈታው በጃንዋሪ 2021 ይሆናል፤ ሳይታሰር ዘጠኝ ወር ቀድሞ ተፈታ ማለት ነው። 7 ቢደምርም ያው ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት መጡብኝ» ስትል ለእነሱ ማክሰኞ 2 ሰዓት ነው። አስተርጓሚው ሰዓቱን ቀይሮ ቀኑን ከተወው አንድ ሙሉ ቀን ወደኋላ ሄድክ። «ለማክሰኞ አጥቢያ» ማለት ይሻላል።

«ሚዛኑ የነሱ ነው» ብሎ ማኩረፍ አያዋጣም። እኛም እኮ «በቅርቡ» ስንል ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። በፈረንጅ 1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ ማን እንደሆነ ለሁሉም አንድ ትርጉም ነው ያስቀመጠው። የአውሮፓ ኅብረት የጥገኝነት ሕግ ደግሞ ማመልከቻው ሲመዘን የሰውየው አስተዳደግ፣ ጾታና ዕድሜ እንዲታይ ያዝዛል። መርማሪው ግን የአገርህን ዘመን አቆጣጠር ካላወቀ ስለ አስተዳደግህ ምኑን ያያል? በአክብሮት አንገት መድፋትህንም «መደበቅ ነው» የሚል መርማሪ አለ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ቀን ራሳችሁ አትቀይሩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናገሩ፤ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለው ቃል መዝገቡ ላይ ይስፈር። ቀኑ ከጠፋችሁ ግምት አትፍጠሩ፤ «ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን» በሉ፣ ጥር 14 መሆኑን እነሱ ያስሉት። የአባት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ፣ ባልና ሚስት በስም ለምን እንደማይመሳሰሉ አስቀድማችሁ አስረዱ። ከመፈረማችሁ በፊት ቃላችሁ በአማርኛ ይነበብላችሁ፤ ሲነበብ ጥቅምትና ጥር ላይ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ።