ዐ-ቀ-ለን በመዝገበ ቃላት የተከታተልኩበት መንገድ

የጥንታዊ ዐረብኛን ሥርወ ቃላት ማጥናት ስጀምር ዐ-ቀ-ለን ያስቀደምኩት፣ «አቅሉን ሳተ» በሚለው አነጋገራችን በአማርኛም ስለሚኖር ነው።

የመጀመሪያ መመሪያዬ ኢብን መንዙር እ.ኤ.አ. በ1290 ያጠናቀቀው «ሊሳን አል-ዐረብ» ነበር። ይህ መዝገበ ቃላት የሚደረደረው በሥሩ የመጨረሻ ፊደል ስለሆነ፣ ዐ-ቀ-ለን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የ«ላም»ን (የ«ለ» ፊደልን) ምዕራፍ፣ ቀጥሎም በውስጡ የ«ዐይን»ን (የ«ዐ» ፊደልን) ክፍል ያወጣል። ከፍቺዎቹ መካከል «አእምሮ» የሚለውን ለጊዜው አቆይቼ በእጅ ከሚዳሰሰው ጀመርኩ። ዒቃል የግመል ማሰሪያ ገመድ ነው፤ ዐቀለ ማለትም ግመሉ ተነሥቶ እንዳይሄድ የፊት እግሩን ከጉልበቱ አጥፎ፣ ቅልጥሙን ከላይኛው የእግሩ ክፍል ጋር አሰረ ማለት ነው። ይህን ከያዝኩ በኋላ ሌሎቹ ተራ በተራ ተፈቱልኝ፦ ተቅማጥ የሚያስቆም መድኃኒት ሆድን «ዐቀለ» ይባላል፤ ምሽግ «መዕቂል» ነው፤ በዛሬው ዐረብኛ የእስረኞች ማቆያ «ሙዕተቀል» ይባላል፤ ዐቅልም፣ ማለትም አእምሮ፣ ሰውን ከማይገባ ሥራ የሚይዘው ኃይል ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የመሰጠኝ የደም ካሳ ነው። ካሳው ራሱ «ዐቅል» ይባላል፤ ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲገልጹ፣ የገዳይ ወገን የካሳውን ግመሎች ነድቶ በሟች ዘመዶች ደጅ ያስራቸው ነበር ይላሉ። ካሳው በገንዘብ መከፈል ከጀመረ በኋላም ስሙ አልተለወጠም። ገንዘቡን በጋራ የሚያዋጡት የገዳዩ የአባት ወገን ዘመዶች ደግሞ «ዓቂላ» ይባላሉ። አንድ ፍቺ ሩቅ መስሎ ሲታይ ቃሉን የወለደውን ልማድ መፈለግ እንደሚገባ የተማርኩት ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1004 ያረፈው የቋንቋ ሊቅ ኢብን ፋሪስ ሥሩን ወደ አንድ ሐሳብ፣ ወደ «መያዝ»፣ ይመልሰዋል። ነገር ግን ይህን የሚያመለክተው «አብዛኛው» ፍቺ ነው ብሎ ይጠነቀቃል፤ እኔም ሁሉንም ቃል በግድ ከገመዱ ጋር ማያያዝን የተውኩት ይህን ቃሉን ካየሁ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ያመሳከርኩት ቁርኣንን ነው። «ዐቅል» የሚለው ስም በቁርኣን ውስጥ አንድም ቦታ አይገኝም፤ ግሱ ግን «አስተዋለ» በሚል ፍቺ 49 ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ እዚያ የሚነገረው ሰው ስላለው ነገር ሳይሆን ስለሚያደርገው ነው፤ በ22ኛው ምዕራፍ 46ኛ አንቀጽም ሰዎች የሚያስተውሉት በልቦቻቸው ነው።